«ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ»

ይህቺን አባባል እስከ መጨረሻው የሚላት ሰው ብዙም የለም። አንዱ «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል፣ ሌላው ይስቃል፣ አለቀ። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዓመት ለሚቆጥር ሰው የቀረውን ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ ያለው ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። ገጠር ላይ ላም ማለት ወተት ናት፣ ቅቤ ናት፣ ጥጃ ናት። ኩበቷ ሳይቀር ማገዶ ነው። «ላም አለኝ» ያለ ሰው ሀብት አለኝ ማለቱ ነው። የታለች? ሰማይ ላይ። ታዲያ ማታ ምን ታልባለህ? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚፈርሰው። በተራ ንግግር ቢሆን «አላይም» ነበር የሚባለው፤ «ም» የወደቀችው ከ«ሰማይ» ጋር ቤት እንዲመታ ነው። «ወተቷንም» ላይ ያለችው «ም» ግን አልተነካችም። የምትቆጠቁጠውም እሷ ናት፦ ላሟስ ትቅር፣ ወተቷን እንኳ!

እኔን ይህ አባባል ትዝ የሚለኝ የአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት ሲደርስ ነው። (ድራፍት ሲባል ብርጭቆ የታየው አንባቢ ይታገሠኝ፤ የቢራውን አይደለም።) በኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ውስጥ፣ ገንዘብ ስላለህ ብቻ ከኮሌጅ የሚወጣውን ኮከብ አትወስድም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ 32ቱ ክለቦች በ7 ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት ጭራ የነበረው መጀመሪያ፣ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ የበላው መጨረሻ። ሐሳቡን ያመጡት የፊላዴልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ናቸው፤ ክለባቸው በሽንፈት ሲንገላታ ጥሩ ጥሩዎቹን ልጆች ሌሎች ይወስዱባቸው ነበር።

የመጀመሪያው ድራፍት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1936 ፊላዴልፊያ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ክፍል ነው። ወደ 90 የሚጠጉ ስሞች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፉ፣ ከዚያ ላይ ተመረጠ። አንደኛ የወጣው ጄይ በርዋንገር ይባላል። ከኢግልስ ጋር አልተፈራረመም። መብቱ ለቺካጎ ቤርስ ተላለፈ፣ ከእነሱም ጋር በደመወዝ አልተስማማም። አንድም የኤን ኤፍ ኤል ጨዋታ ሳይጫወት የስፖንጅ ነጋዴ ሆኖ ቀረ። በድራፍት ታሪክ የመጀመሪያዋ ላም ሰማይ ላይ ቀረች ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ተራው ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የዘንድሮው ብቻ አይደለም፤ የመጪው ዓመትም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። ስም የለውም፣ ቁመት የለውም። ልጁ ዛሬ የት ኮሌጅ እንዳለ እንኳ የሚያውቅ የለም።

ዳላስ ካውቦይስ ይህን ገበያ ተክነውበታል። ካውቦይ ከብት ጠባቂ ማለት ስለሆነ ነገሩ ለእኛ አባባል ሆን ተብሎ የተሰናዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ጨዋታ አሸንፈው 15 ተሸነፉ። በረት ውስጥ የምትታለብ ላማቸው አንድ ነበረች፦ ኸርሸል ዎከር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኳስ ይዞ 1,514 ያርድ (ከሜትር ትንሽ የሚያንስ መለኪያ ነው) ሮጧል። አዲሱ አሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን እሱኑ በጥቅምት ወር ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ ሰጡት። በምላሹ ተጫዋቾችና የድራፍት ተራዎች አገኙ። ብዙ ሰው ሚኒሶታ ያተረፈ መሰለው።

ብልሃቱ ውሉ ውስጥ ነበር። ከሚኒሶታ በመጡት ተጫዋቾች ጀርባ ተራ ታስሯል፤ ዳላስ ተጫዋቹን እስከ ፌብሩዋሪ 1 ካሰናበተ ተራውን ይወስዳል። የጆንሰን ዓይን ሲጀመርም ሰዎቹ ላይ አልነበረም። በ1990 ከሚኒሶታ ያገኙትን 21ኛ ተራ ትንሽ ጨምረውበት ወደ 17ኛ ከፍ አደረጉና ኤሚት ስሚዝን መረጡ። ስሚዝ በተጫዋችነት ዘመኑ ሙሉ 18,355 ያርድ ሮጠ፤ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ዳላስም በ1993፣ በ1994 እና በ1996 ሱፐር ቦውልን በላ። ሚኒሶታ ዎከርን ይዞ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አላሸነፈም።

ታዲያ ጂሚ ጆንሰን ባለ ሰማይ ላም ነበሩ? አልነበሩም። ብዙ ሰው ይህን አባባል ትዕግሥተኛ ሁሉ ላይ ይለጥፈዋል፤ እኔ አልስማማም። ቡና ተክሎ ሦስትና አራት ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ ላሙ ሰማይ ላይ አይደለችም። ችግኙ መሬት ላይ ነው። የዳላስ ላምም ሩቅ ብትሆን ገመዷ እጃቸው ላይ ነበር፣ ውል አላት። አባባሉ የሚነካው ገመድ ሳይኖረው «አለኝ» የሚለውን ነው። «አለኝ» ብሎ የሚተኛውን።

ገመዱን የሸጡም አሉ። የሎስ አንጀለስ ራምስ እ.ኤ.አ. ከ2016 በኋላ እስከ 2024 ድረስ በመጀመሪያው ዙር አንድም ሰው አልመረጡም። ተራቸውን እያወጡ የደረሰ ተጫዋች ሲገዙበት ከረሙ። ለኳስ አከፋፋዩ ማቲው ስታፎርድ ብቻ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራ ከፍለዋል። ስታፎርድ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ፣ ሱፐር ቦውሉን በሉ። ወተቷን አዩ።

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ክለቡን አልጠራም፣ ያነበዋል። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ክለቡ ሲሸነፍ «ግዴለም፣ ተራችን ከፍ ይላል» ይለኛል። እኔ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ እልለታለሁ። የቀረውን እየሳቀ ራሱ ይጨርሰዋል።