ማሲንቆው ከቅኝት አልወጣም

«ኪቦርዱ ትክክል ነው፤ የወጣው ማሲንቆው ነው።» ጎንደር ውስጥ ሠርግ ላይ ድምፅ ማጉያ በተተከለ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ሙዚቃ የምደርሰው በፒያኖ ቁልፎች መካከል በሚያርፉ ድምፆች፣ ማለትም ማይክሮቶናል በሚባለው መንገድ ስለሆነ ይኸው ፍርድ በእኔ ሥራ ላይም ይሰጣል። ሰልችቶኛል። የሚደጋገሙትን ስሕተቶች እነሆ፤ ቀላሎቹን ቶሎ ልለፋቸው።

«ማይክሮቶን ማለት ሩብ ድምፅ ነው።» ሩብ ድምፅ፣ ማለትም በሁለት ጎረቤት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ፣ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ፓርች አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ድምፅ ንዝረቱ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት፣ ለ43 ከፍሎ ሙዚቃ ጽፎበታል፤ የቱርክ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ «ኮማ» በሚባሉ 53 ጥቃቅን ክፍሎች ይለካዋል።

«የዘመናዊ አውሮፓውያን ፈጠራ ነው።» የቼኩ አሎይስ ሃባና የሜክሲኮው ሁሊያን ካሪዮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው ሠርተውበታል። ይሁን እንጂ በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ የኖረው ሊቅ ፕቶለሚ ከግማሽ ድምፅ (ከአንዱ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ካለው ርቀት) ያነሱ ርቀቶችን በቁጥር መዝግቦ አልፏል።

«440 ሄርዝ የተፈጥሮ ልክ ነው።» መሣሪያዎች የሚቃኙበት «ላ» የተባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲነዝር መደረጉ የሰዎች ስምምነት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያጸደቀው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው።

«ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው ማይክሮቶን አይገባባቸውም።» ይህ የድምፆችን ብዛት ከቦታቸው ጋር ማምታታት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ እንዳላቸው ማወቅ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደሚያርፍ አይነግረንም። የጃቫ ሰዎች ስሌንድሮ የሚሉት ስልትም አምስት ድምፅ ነው፤ በፒያኖ ግን በትክክል አይወጣም።

«የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶች እንደ ኖታ በፒያኖ ይነበባሉ።» በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁት ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክና ሌሎቹ ምልክቶች የዜማውን አካሄድ ያመለክታሉ። የድምፁ ልክ ከመምህሩ አፍ ይወሰዳል። በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የተማረ ሰው ይህን ለማወቅ የእኔ ምስክርነት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ማሲንቆው። አቀናባሪዎቻችን ኪቦርድን እንደ ሕግ የሚያዩት እንዴት እንደተቃኘ ማንም ስላልነገራቸው ነው። አንድ ኦክታቭ በ1200 ሴንት ይለካል። ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹም ተቆጥረው ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው 100 ሴንት ነው። በ3 ለ2 የንዝረት ንጽጽር የሚገኘው የተፈጥሮ አምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት) ግን 702 ሴንት ገደማ ነው። ይህን አምስተኛ 12 ጊዜ ብትደራርቡት ከሰባት ኦክታቭ በ23.5 ሴንት ገደማ ያልፋል። ፒያኖ ይህን ትርፍ የሚያጠፋው እያንዳንዱን አምስተኛ በ2 ሴንት ገደማ በማሳጠር ነው። ይህስ ትንሽ ነው። ሦስተኛው (ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት) ላይ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፦ በ5 ለ4 ንጽጽር 386 ሴንት የሚሆነው ርቀት ፒያኖ ላይ 400 ሆኖ ተቀምጧል። እንግዲህ «ትክክለኛ» የምትሉት መሣሪያ ራሱ ሆን ተብሎ ከተፈጥሮ ንጽጽር እንዲወጣ የተደረገ ነው።

የተደረገበት ምክንያት አለ። ተጫዋቹ ከየትኛውም ቁልፍ ተነሥቶ ያንኑ ዜማ መጫወት እንዲችል ነው። አዝማሪ በአንድ ዘፈን ውስጥ 12 መነሻ አይዞርም። ታዲያ ለማይፈልገው ጥቅም ሲል ቅኝቱን ለምን ይለውጥ?

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ፣ አንድ ደጋንና የሚዘፍነው ሰው ድምፅ ነው። አንገቱ ላይ የጣት መደብ የለም፤ ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው ጆሮ ብቻ ነው። በአንድ ቀረጻ ላይ ወጣቱ አቀናባሪ የቱነሩን (የድምፅ መለኪያውን) መብራት እያየ አንድ አዛውንት አዝማሪን «ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው ይያዙት» ሲላቸው ሰማሁ። «ጭራውን የቃኘሁት በድምፄ ነው፣ ልጄ» አሉት። እሱ ግን ከሄዱ በኋላ ድምፅ በሚያስተካክል ፕሮግራም እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ቁልፉ ጎተተው። ልጃቸው ቅጂውን ሲሰማ የሚጫወተው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ያልተስተካከለውን ቅጂ ወስጄ ለካሁት። አንቺ ሆዬ ነበር፤ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው 100 ሳይሆን ወደ 130 ሴንት ይጠጋል፤ በየዙሩም እዚያው ይመለሳል። ስሕተት ቢሆን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይል ነበር። በየዙሩ አንድ ቦታ የሚያርፍን ድምፅ ስሕተት ማለት አለማዳመጥ ነው። ሌላ አዝማሪ ያንኑ ቅኝት በሌላ ልክ ሊይዘው ይችላል፤ እሱም የራሱን ልክ እስከጠበቀ ድረስ ትክክል ነው።

«አድማጭ አይቀበለውም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ይጥላል። ሦስተኛው 350 ሴንት ላይ የሚያርፍ፣ በጭፈራ ምት የሚሄድ ሥራ አለኝ። ትምህርት ቀመስ በሆነ ጉባኤ ፊት «አሁን የምትሰሙት ያልተለመደ ሙዚቃ ነው» ተብሎ ተዋወቀልኝ፤ ሰዎቹ ግንባራቸውን ቋጥረው እንግዳነቱን ሲፈልጉ አመሹ። ያንኑ ሥራ አዘዞ ውስጥ በአንድ ድግስ ላይ ያለ ምንም መግቢያ ስንጫወተው እናቶች እስክስታ ወረዱበት። ጆሮ የሚደነግጠው ቤቱን ሲያጣ ነው። መነሻው ድምፅ ከሥር እየተሰማ፣ አዲሱ ርቀት ቶሎ ቶሎ እየተመለሰ ከሄደ አድማጩ ሳይነገረው ይለምደዋል። ስለዚህ ደራሲ ሆይ፣ በአንድ ሥራ ውስጥ ሃያ ዓይነት ርቀት አትበትን። አንድ ወይም ሁለት ምረጥ፤ መነሻውን በክራር ወይም በበገና ያዝ፤ ምቱን ሰው የሚያውቀው አድርገው።

ለአቀናባሪዎችም የምለው አለኝ። ማሲንቆውንና ድምፁን አስቀድማችሁ ቅረጹ፤ ኪቦርዱ ይከተላቸው። ለምሥራቁ ዓለም ሙዚቃ ተብለው የሚሠሩ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው፤ አዝማሪው የያዘውን ለክታችሁ እዚያ አስገቡት። መነሻው ራሱ ከ440 ጋር ካልገጠመ ሙሉውን ኪቦርድ አንሡት ወይም አውርዱት። ማስተካከያ ፕሮግራሙን ዝጉ። ኪቦርዳችሁ ይህን ሁሉ የማይችል ከሆነ ደግሞ ሙሉ ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚጫኑ በርካታ ድምፆች) አትጫኑ። አንዱ ድምፅ 440፣ ሌላው 443 ሄርዝ ሲሆን በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚመታ መርገብገብ ይፈጠራል፤ ሠርጉ ላይ «ማሲንቆው ወጣ» ያሰኛችሁ እሱ ነው። መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ያዙ፤ ሌሎቹን ድምፆች ለአዝማሪው ተዉለት።