ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሁሌ ተበላሸ ማለት አይደለም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ነው። ሌሊት ሰፈሩ ጭጭ ሲል ፍሪጃችን «ቡልቅ ቡልቅ» ይላል። ባለቤቴ «ጋዙ እያለቀ ነው» አለች። አላለቀም። ጋዙ በቱቦው ውስጥ ሲዘዋወር እንደዚያ ይሰማል።

«ቀጭ» የሚለው ቴርሞስታቱ (ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሞተሩን ሲያስነሳና ሲያጠፋ ነው። ጎኑ ቢሞቅም አይደንግጡ። ብዙ ፍሪጆች ሙቀታቸውን የሚያስወጡበት ቱቦ እዚያ ነው የተቀበረው። ከግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት እንጂ።

ሰው የሚሳሳተው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው (እኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም)። ወዲያው ከተመለሰ ሞተሩ «እምምም» ይልና «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ተቃጠለ እንዳይሉ። በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና አልተስተካከለም፤ ሞተሩ ያንን ገፍቶ መነሳት ያቅተዋል። ሶኬቱን ነቅለው 5 ደቂቃ ያህል ይታገሱ፣ ከዚያ ይሰኩት። እኔ ይህን ሳላውቅ ለጠጋኝ የመምጫ ከፍያለሁ። ሰውየው የሠራው ነገር ቢኖር ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው!

ጠጋኝ የሚጠራው ከቆይታው በኋላም «እምምም፣ ቀጭ» ከቀጠለ፣ ወይም ሞተሩ ሳያርፍ እየሠራ ወተቱ ካልቀዘቀዘ ነው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት ግን ወዲያው ይንቀሉት።