ስታርትስዊዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ስታርትስዊዝ (STARTSWITH) የሚባለውን ፈንክሽን ታውቁታላችሁ። አንድ ጽሑፍ በሰጣችሁት ኮድ ወይም ቃል ይጀምር እንደሆነ ያያል፤ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ ይመልሳል። ቀላል ስለሚመስል ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም። ግን አላግባብ ስትጠቀሙበት ኤረር አያወጣም። ዝም ብሎ ድምራችሁን ያዛባዋል።

«በ12 የሚጀምሩትን ካልኩት ምድብ 12ን ብቻ ያመጣል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፈንክሽኑ የሚያየው ፊደልና አሃዝ ነው፤ የኮዱን ትርጉም አያውቅም። ከሰረዙ በፊት ያለው የምድቡ ቁጥር ቢሆን፣ 12-001ን ሲያመጣ 120-001ንም፣ 1250-001ንም አብሮ ያመጣል። የሌላ ምድብ ቁጥር በምድብ 12 ድምር ውስጥ ይገባል ማለት ነው። መፍትሔው ሰረዙን ጨምሮ «12-» ብሎ መስጠት ነው። ሰረዝ ከሌለው የኮዱን ርዝመትም ፈትሹ። እኔ ግን የምመርጠው የምድቡን ኮድ በራሱ ኮለም አውጥቶ በእኩል ምልክት ማወዳደር ነው።

ብዙ ሁኔታዎችን በኢፍ («ከሆነ» በሚለው ትእዛዝ) ስትደረድሩም ረጅሙ ይቅደም። «12» ከ«125» በፊት ከተጻፈ 125 ተራው አይደርሰውም፤ የመጀመሪያው ሁኔታ ይወስደዋል።

«ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ የለውም»

እንደ መሣሪያው ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንና የኤክሴል ዳታ ማዘጋጃው ፓወር ኩዌሪ ይለያሉ። ኤክሴል ላይ በሌፍት (የጽሑፉን የመጀመሪያ ፊደላት በሚወስደው ፈንክሽን) ቆርጣችሁ በእኩል ምልክት ስታወዳድሩ ግን አይለይም። ሁለቱንም ወገን ወደ ትንሽ ፊደል ቀይራችሁ አወዳድሩ። የግዕዝ ፊደል ይህ ጣጣ ባይኖርበትም «ሰ» እና «ሠ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

«ፊት ላይ ያለ ክፍት ቦታ አይቆጠርም»

ታብሎ የተባለው የዳታ ማሳያ መሣሪያ አይቆጥረውም፣ ፓይተን ይቆጥረዋል። በትሪም (ዳር ላይ ያለ ክፍት ቦታን በሚያጠፋው ፈንክሽን) አጽዱት።

«ኮዱ ቁጥር ቢሆንም ያው ነው»

007 እንደ ቁጥር ከተነበበ 7 ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ«00» የሚጀምር ብትፈልጉ አታገኙም። ፋይሉን ስትከፍቱ ገና ኮለሙን ጽሑፍ አድርጉት።

«በኤስኪውኤል ላይክ ብጽፍም አንድ ነው»

ላይክ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል ጽሑፍ የሚፈለግበት ትእዛዝ ነው። ብዙ ጊዜ አዎ፣ አንድ ነው። ኮዱ ውስጥ የግርጌ ሰረዝ ካለ ግን ላይክ ያንን «ማንኛውም አንድ ፊደል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ያልፈለጋችሁትም ይመጣል።

«የማይጀምር ከሆነ ሐሰት ነው»

ኤስኪውኤል ላይ ያልተሞላ ሴል፣ ነል የሚባለው፣ እውነትም ሐሰትም አይሆንም። «በ12- የሚጀምሩ» ብትሉ አይገባም፤ «የማይጀምሩ» ብትሉም አይገባም። ከሁለቱም ሪፖርት ይጠፋል። ስለዚህ የሁለቱን ወገን ረድፎች ቁጥር ደምሩና ከጠቅላላው ጋር አስተያዩ። ካነሰ፣ ጎድሎ የምታገኙት ኮዳቸው ያልተሞላ ረድፎችን ነው። እነሱን «ያልታወቀ» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡ።