በብሪታኒያ የቁጠባ ቦንዶችን ወለድ ማወዳደር

በብሪታኒያ «ፊክስድ ሬት ቦንድ» የሚባለው ለተወሰነ ጊዜ የሚዘጋ የቁጠባ ሂሳብ ነው። ገንዘቡን የሚቀበሉት ባንኮችና «ቢልዲንግ ሶሳይቲ» የሚባሉት በአባላት የተያዙ የቁጠባና የቤት ብድር ተቋማት ናቸው። የወለዱ መጠን ሂሳቡ ሲከፈት ይወሰናል፤ ውሉ እስኪያልቅ አይለወጥም። ኢትዮጵያ ውስጥ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል፤ ለህዳሴ ግድብ ከተሸጠው ቦንድ ጋር ግን ከስሙ በቀር ብዙም አያገናኘውም። ዘመኑ በአብዛኛው ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። በመሃል ችግር ቢመጣም ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር እዚህ አይገባም።

ማወዳደሪያው ኤኢአር የሚባለው ዓመታዊ ተመጣጣኝ ወለድ ነው። አንዱ ባንክ በየወሩ የሚከፈል 4.41 በመቶ፣ ሌላው በዓመት አንዴ የሚከፈል 4.5 በመቶ ቢያቀርቡ ሁለተኛው የሚበልጥ ይመስላል። 10,000 ፓውንድ ያስቀመጠ ሰው ከመጀመሪያው በወር 36.75 ፓውንድ አካባቢ ያገኛል። ሳይነካው እዚያው ሂሳብ ላይ ቢጠራቀምለት ዓመቱ ሲሞላ ሁለቱም ጋ 450 ፓውንድ ወለድ ይገኛል፤ ኤኢአራቸው አንድ ነውና። በየወሩ እያወጣ የሚጠቀምበት ግን 441 ፓውንድ ብቻ ይደርሰዋል።

ረጅም ጊዜ መዝጋት ሁልጊዜ የተሻለ ወለድ አያስገኝም። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ እስከ 2021 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 0.1 በመቶ የነበረውን መነሻ ወለድ በኦገስት 2023 5.25 በመቶ አደረሰው። በዚያ ሰሞን የ1 ዓመቱ ቦንድ ባመዛኙ ከ5 ዓመቱ የበለጠ ይከፍል ነበር፤ ገበያው ወለድ ተመልሶ እንደሚወርድ ገምቷላ። የመንግሥት ቁጠባ ተቋም የሆነው ኤንኤስ ኤንድ አይ በዚያው ወር መጨረሻ የ1 ዓመት ቦንድ በ6.2 በመቶ አውጥቶ በኦክቶበር መጀመሪያ ሽያጩን ዘጋ። ትልቁን ቁጥር ብለው የገቡ ሰዎች በ2024 ውላቸው ሲያልቅ ያንን የሚያህል ወለድ አላገኙም። ለ5 ዓመት የዘጉት በጊዜው የከሰሩ መስለው ነበር።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግብሩን ነው። በመደበኛው የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ፣ ከፍ ባለው እርከን ያለ ደግሞ እስከ 500 ፓውንድ ወለድ ከግብር ነፃ ያገኛል። 10,000 ፓውንድ በ4.5 በመቶ ለ5 ዓመት ቢዘጋ ወለዱ 2,462 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ 450 ፓውንዱ ከነፃው ጣሪያ በታች ነው። እስከ ውሉ ማብቂያ የማይነካ ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ የግብር ዓመት ይቆጠራል፤ ከ1,000 ያለፈው በ20 በመቶ ሲሰላ 290 ፓውንድ አካባቢ ይሄዳል። ይህ ከጥቃቅን የወለድ ልዩነት ይበልጣል። አይሳ በሚባለው ከግብር ነፃ ሂሳብ ውስጥ የተቀመጠ ቦንድ ይህ አይነካውም።

ባንክ ቢወድቅ ኤፍኤስሲኤስ የተባለው የዋስትና ተቋም ለአንድ ሰው እስከ 120,000 ፓውንድ ይከፍላል፤ ከዲሴምበር 2025 በፊት 85,000 ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጣሪያው የሚቆጠረው በባንኩ ስም ሳይሆን በባንክ ሥራ ፈቃዱ ነው። ሃሊፋክስና ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ በአንድ ፈቃድ ስለሚሠሩ ሁለቱ ጋ የተቀመጠ ገንዘብ ተደምሮ ይታያል። የኤንኤስ ኤንድ አይ ገንዘብ ግን በሙሉ በመንግሥት ዋስትና ሥር ነው። ወለድ ለማይቀበሉ ሙስሊሞች አል ራያንን የመሳሰሉ ባንኮች «የሚጠበቅ ትርፍ» ብለው ተመን ያወጣሉ፤ ዋስትናው እነርሱንም ይሸፍናል።

በ«ቦንድ» ስም የሚሸጥ ሌላ ነገርም አለ፤ «ሚኒ ቦንድ»፣ ማለትም ለኩባንያ የሚሰጥ ብድር። ለንደን ካፒታል ኤንድ ፋይናንስ እስከ 8 በመቶ ወለድ እየተባለ 237 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከ11,600 ያህል ሰዎች ሰብስቦ በጃንዋሪ 2019 ወደቀ። ብዙዎቹ የቁጠባ ቦንድ የገዙ መስሏቸው ነበር። መንግሥት በኋላ ባወጣው ልዩ ካሳ፣ ከሌላ ቦታ ያልተካሱት ካስገቡት 80 በመቶውን፣ ቢበዛ 68,000 ፓውንድ አገኙ።