የቴክ ኢንተርቪው ዝግጅት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ላይ ምርቃት ሲቃረብ የቴክ ኢንተርቪው፣ ማለትም የሶፍትዌር ቀጣሪዎች ኮድ እያስጻፉ የሚያደርጉት የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ወሬ ከግቢ አልፎ ካፌውን ሁሉ ይሞላዋል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ከሲኒየር የሰሙትን፣ ቴሌግራም ላይ ያነበቡትን፣ ዶርም ውስጥ የተከራከሩበትን ይዘው ይመጣሉ። እኔ በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር፣ በጠያቂም በተጠያቂም ወንበር የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከተወሰኑ ልጆች ጋር የልምምድ ኢንተርቪው እናደርጋለን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደጋግመው የሚነሱና ልጆቹን ላልሆነ ዝግጅት የሚዳርጉ አባባሎች አሉ።

«ብዙ ጥያቄ የፈታ ያልፋል»

ሥር የሰደደው ይሄኛው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። የኮድ ጥያቄ መለማመጃ ድረ ገጽ የሆነው ሊትኮድ ላይ ዛሬ ከ3,000 በላይ ጥያቄዎች አሉ። «500 ፈትቻለሁ»፣ «እሱ 700 አልፏል» የሚለው ቆጠራ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ማዕረግ ነው። ቁጥሩ ጥረትን ያሳያል፤ አልንቀውም። ጠያቂው ግን ቁጥሩን አያየውም። እሱ የሚያየው በ45 ደቂቃ ውስጥ አንድ ችግር ሲቀርብላችሁ እንዴት እንደምትይዙት ነው።

አንድ ቀላል ጥያቄ ልውሰድ። የሱቅ ዕቃዎች የዋጋ ዝርዝር ተሰጥቷችኋል፤ ድምራቸው ልክ 500 ብር የሚሆን ሁለት ዕቃ ፈልጉ። ትንሽ የተለማመደ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ልጅ ተናግሬ ሳልጨርስ መጻፍ ጀመረ፤ ሀሽ ማፕ (ያስገቡትን ወዲያው መልሶ የሚያገኝ የዳታ መዋቅር)፣ አንድ ሉፕ፣ አለቀ። ፈጣን ነው። «ዝርዝሩ ውስጥ ባለ 250 ብር ዕቃ አንድ ብቻ ቢኖርስ?» አልኩት። ዝም አለ። የሱ ኮድ ያንኑ አንድ ዕቃ ከራሱ ጋር ደምሮ «500 አገኘሁ» ይላል፤ ምክንያቱም ዋጋውን መጀመሪያ ማፑ ውስጥ ያስገባና ከዚያ በኋላ ነው ማሟያውን፣ ማለትም 500 ለመሙላት የቀረውን ዋጋ፣ የሚፈልገው። ቅደም ተከተሉን ብቻ መገልበጥ ይበቃል፦ መጀመሪያ ማሟያውን መፈለግ፣ ከሌለ ማስገባት። እንዲያ ሲሆን አንድ 250 አያሳስተውም፤ ሁለት ባለ 250 ካሉም በትክክል ያገኛቸዋል። ሁለት መስመር የማቀያየር ጉዳይ ነበር። ልጁ መፍትሄውን አጥንቷል፤ ለምን እንደሚሰራ ግን አላጠናም።

ቀጥላ የተቀመጠችው ልጅ ያንኑ ጥያቄ ስትሰማ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። «ዝርዝሩ ተደርድሯል ወይስ ዝብርቅርቅ ነው? መልስ ከሌለ ምን ልመልስ? አንዱን ዕቃ ሁለቴ መቁጠር ይቻላል?» ከዚያ ቀጠለች። «መጀመሪያ የሚመጣልኝ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር መደመር ነው። ዕቃው 100,000 ከሆነ ግን ወደ 5 ቢሊዮን ጥንድ ይሆናል፤ አያዋጣም። ሀሽ ማፕ ብጠቀም ዝርዝሩን አንዴ አልፌው እጨርሳለሁ፣ በምትኩ ተጨማሪ ሜሞሪ እበላለሁ። የተደረደረ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ ጫፍ እየገባሁ ያለ ተጨማሪ ሜሞሪ አገኘዋለሁ።» ስታወራ ሰዓቱ ሄዶ ኮዷ ሙሉ በሙሉ አላለቀም። የምቀጥር እኔ ብሆን እሷን ነው የምወስደው።

ጥያቄ መፍታት ይቅር ማለቴ አይደለም። የመፍቻ ዘዴዎቹን ለይታችሁ በዓይነት በዓይነት ፍቱ፦ ሀሽ ማፕ፣ ሁለት ጠቋሚ፣ ስላይዲንግ ዊንዶው፣ ባይነሪ ሰርች፣ ዛፍና ግራፍ ላይ መጓዝ፣ መጨረሻ ላይ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ። የፈታችሁትን ከሳምንት በኋላ ሳታዩ ድገሙት። ለዶርም ጓደኛችሁ ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አልፈታችሁትም። አንዳንድ ኩባንያዎች ኮዱ በማይሮጥበት ባዶ ሰነድ ላይ ስለሚያስጽፉም፣ አልፎ አልፎ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በራሳችሁ ዓይን መስመር በመስመር ተከተሉት።

«አስቤ ስጨርስ እናገራለሁ»

«ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልን አድገን፣ ክፍል ውስጥም ትክክለኛውን መልስ ሳይዙ እጅ ማውጣት እያሳፈረን ተምረን፣ ኢንተርቪው ላይ አፍ ቢተሳሰር አይገርምም። ጠያቂው ግን ስለ እናንተ ማስታወሻ እየያዘ ነው፤ ከዝምታ የሚጽፈው ነገር የለም። ፍንጭ ሊሰጣችሁ ቢፈልግ እንኳ የት ጋ እንደቆማችሁ ካላወቀ አይችልም። በቪዲዮ ሲሆን ይብሳል። እኛ አገር ስክሪኑ ላይ ዝም ያለ ሰው ኔትወርክ የተቋረጠበት ይመስላል፤ ጠያቂው «አለህ?» ማለት ሲጀምር ሐሳባችሁም አብሮ ይበተናል።

«አንድ ደቂቃ ላስብበት» ማለት ፍጹም ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የተሳሳተም ቢሆን መንገዳችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ «ይሄ አይሰራም፣ ምክንያቱም...» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ነጥብ ታስገኛለች። ለልምምድ ስልካችሁን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋችሁ አንድ ጥያቄ ፍቱና መልሳችሁ ስሙት። ማንም ደስ ብሎት የሚሰማው ነገር አይደለም፤ ይጠቅማል ግን።

«እንግሊዝኛዬ እስኪስተካከል አልሞክርም»

ከውጭ ኩባንያ ጠያቂዎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይደለም፤ ከህንድ፣ ከብራዚል፣ ከፖላንድ፣ ከናይጄሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚፈለገው አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አውሩት፤ መስመር ሲይዝ በእንግሊዝኛ ድገሙት። በቋንቋ የተሳበበው ችግር ብዙ ጊዜ የሐሳብ መዘበራረቅ ሆኖ ይገኛል።

«የጉድጓድ ክዳን ለምን ክብ እንደሆነ ይጠይቃሉ»

አሮጌ ወሬ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል የሚለውን ዓይነት ጥያቄ በተመለከተ የጎግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ በ2013 እ.ኤ.አ. ለኒውዮርክ ታይምስ ሲናገር፣ ጊዜ ማባከን እንደሆነና ስለ አመልካቹ ምንም እንደማይተነብይ ገልጿል። እንቆቅልሽ ስታጠኑ የምታመሹበትን ሰዓት ለግራፍ ስጡት።

«ኮዱን ከመለስኩ የቀረው ወሬ ነው»

የባህሪ ጥያቄ የሚባለውን፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሠራችሁና ችግር ሲገጥም ምን እንዳደረጋችሁ የሚጠየቀውን፣ ልጆቻችን እንደ ማሟሟቂያ ያዩታል። አማዞንን ብንወስድ 16 የአመራር መርሆዎች አሉት፤ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. 14 ነበሩ። ጠያቂዎቹ እነዚህን ተከፋፍለው ነው የሚመጡት። ከመካከላቸው «ባር ሬዘር» የሚሉት፣ ከሚቀጥረው ቡድን ውጭ የሆነ ሰው አለ፤ እሱ ካልተስማማ ቅጥሩ ይቀራል። ኮዱን ሳይሳሳቱ ጽፈው እዚህ ላይ የሚወድቁ አሉ።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይሉኝታ ነው። «የመመረቂያ ፕሮጀክትህ ላይ ምን ሠራህ?» ስል የማገኘው መልስ «ለክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ሠራን» ነው። «አንተስ?» «ሁላችንም ተረዳድተን ነው የሠራነው።» ወጥሬ ስይዘው ዳታቤዙን የነደፈው፣ ሁለት ታካሚ አንድ ሰዓት ላይ እንዳይመዘገብ ያደረገው እሱ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልተናገረው የቡድን ጓደኞቹን ላለማሳነስ ነው። መልካም አስተዳደግ ነው፤ ጠያቂው ግን የሚቀጥረው ቡድኑን ሳይሆን እሱን ነው። «ዳታቤዙን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ የክፍያውን ክፍል ጓደኛዬ ሠራችው» ማለት ጉራ አይደለም፤ የሷንም ድርሻ በስሟ ያስቀምጣል።

አምስት ስድስት እውነተኛ ታሪክ አዘጋጁ፦ ከሰው ጋር ያልተስማማችሁበት፣ ቀን ያለቀባችሁ፣ ያበላሻችሁትና ያስተካከላችሁት፣ ሳትታዘዙ የጀመራችሁት። እያንዳንዱን በሁኔታው፣ በእናንተ ኃላፊነት፣ ባደረጋችሁትና በውጤቱ ቅደም ተከተል ተናገሩት። «ያጠፋሁት ነገር የለም» የሚል መልስ ራሱ ጥፋት ነው። በጣም ትጉህ መሆን ድክመቴ ነው የሚለውንም ተዉት፤ ሁሉም ሰምቶታል።

«ያለ ዘመድ አይሆንም»

ግማሽ እውነት አለው፤ ለዚህም ነው የሚያሳስተው። ኩባንያው ውስጥ ያለ ሰው ሪፈራል (የውስጥ ጥቆማ) ሲሰጣችሁ ሲቪያችሁ ዓይን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ኢንተርቪው ግን የሚጠይቃችሁ ሌላ ሰው ነው፤ የሚጽፈውም ያየውን ነው። ሪፈራል ደግሞ የሥጋ ዝምድና አይጠይቅም። ከናንተ በፊት የተመረቁ ልጆች ሊንክድኢን ላይ አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሥልጠና ድርጅት ኤ2ኤስቪም (አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ) ተማሪዎችን በነጻ ለኢንተርቪው ሲያዘጋጅ የአዳማ ልጆችም ገብተውበታል። መልእክት ስትጽፉ «ሥራ ካለ እባክህ» አትበሉ፤ የሥራውን ማስታወቂያ፣ ሲቪያችሁንና ለምን እንደምትመጥኑ በሦስት መስመር አድርጋችሁ ላኩ።

«ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ አልሰጋም» እና «ዝግጅት ለሁሉም አንድ ነው»

ሁለቱን አብሬ ልመልስ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና ጥያቄው ባለ ምርጫ ነው፤ 50 ከመቶ ያመጣ ያልፋል። አራት ምርጫ ባለበት ማወቅና ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ በጣም ይለያያሉ። የአገር ውስጥ ማስታወቂያዎች፣ በተለይ የባንኮች፣ ሲጂፒኤ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ውጤት ዋጋ የለውም አልልም። የውጭዎቹ ኩባንያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሬም አይሉት።

የጥያቄውም ዓይነት ይለያያል። ባንክ ወይም የአገር ውስጥ ሶፍትዌር ድርጅት የጽሑፍ ፈተና ሰጥቶ በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል ላይ ሊያተኩር፣ ሲቪያችሁ ላይ የጻፋችሁትን ፕሮጀክት መስመር በመስመር ሊጠይቅ ይችላል። 300 የግራፍ ጥያቄ ፈትቶ፣ እዚያ ግን ጆይን (ሁለት ሠንጠረዥ የሚያገናኝ የኤስኪውኤል ትእዛዝ) መጻፍ ያቃተው ልጅ አይቻለሁ። ቀጣሪውን «ስንት ዙር ነው? ምን ምን ይጠየቃል? ኮዱን የት ነው የምጽፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም፤ አብዛኞቹ በደስታ ይነግሯችኋል።

«ሰዓቱ ከታወቀ ሌላው የእግዜር ነው»

ሰዓቱ ራሱ ያሳስታል። ለንደን በበጋቸው «3:00 ከሰዓት» ብለው ከጻፉ እኛ ጋ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 12 ሰዓት ይሆናል። ካሊፎርኒያ ጠዋት 10:00 ከሆነ እኛ ጋ በበጋቸው ምሽት 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው ምሽት 3 ሰዓት ነው። እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ገደማ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ እኛ አናዛውርም። ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡትና ወደ ሐበሻ ሰዓት ለውጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

አዳማ ላይ መብራት ሊሄድ እንደሚችል ማንም ያውቃል። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ ስልኩ ሆትስፖት ይሁን፤ ከተቻለ የሁለቱም ኔትወርክ ሲም ያዙ፣ ሳፋሪኮም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማራጭ ሆኗል። ባጃጅ የሚያጮህበት መንገድ ዳር ያለ ካፌ ለልምምድ እንጂ ለዋናው ቀን አይሆንም። መቋረጥ ሊያጋጥም እንደሚችልና በየትኛው ስልክ እንደምትመለሱ ለቀጣሪው ቀድማችሁ በኢሜይል ብትነግሩት የተዘጋጀ ሰው ይላችኋል።

«ኤአይ ከጎን ሆኖ ይነግረኛል»

ያ የ250 ብር ጥያቄ ሲመጣ ዓይናችሁ ወደ ጎን ሄዶ ሲያነብ ይታያል። ለልምምድ ግን ኤአይ ግሩም ጠያቂ ነው፤ መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን እንዲሰጣችሁ አድርጉት።

«አንዴ ከወደቅሁ በሩ ተዘጋ»

በ2015 እ.ኤ.አ. የሆምብሪው (ማክ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር መጫኛ መሣሪያ) ፈጣሪ ማክስ ሃውል ጎግል እንዳልተቀበለው በትዊተር ጽፎ ነበር፤ የጎግል ሰዎች የሱን ሶፍትዌር እየተጠቀሙ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ ባይነሪ ዛፍ (እያንዳንዱ ነጥብ እስከ ሁለት ልጅ ያለው የዳታ መዋቅር) መገልበጥ ስላቃተው። መውደቅ የችሎታ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ብዙ ኩባንያዎች ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ እንደገና ማመልከት ይፈቅዳሉ። በዚያው ማታ፣ ሳትረሱት፣ የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉ። (ዛፍ መገልበጥ ደግሞ የግራና የቀኝ ልጆቹን እያቀያየሩ መውረድ ነው፤ ዛሬውኑ ሞክሩት።)

«ስለ ደመወዝ ማንሳት ነውር ነው»

ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ስልክ ላይ እነሱ ራሳቸው ያነሱታል፤ «የሰጣችሁኝን» ብላችሁ አትመልሱ። «ለዚህ ደረጃ የመደባችሁት ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይቀየምም። ቁጥር ሲነገራችሁ የተጣራ ነው ያልተጣራ፣ በብር ነው በዶላር የሚለውን አረጋግጡ። ሪሞት ሥራ ብዙ ጊዜ በኮንትራት ነው። የአገር ውስጥ የግል ድርጅት ሲቀጥራችሁ ከደመወዛችሁ 7 ከመቶ ለጡረታ ተቆርጦ አሠሪው ከራሱ 11 ከመቶ ይጨምራል፤ በኮንትራት ስትሠሩ ያንን የሚጨምርላችሁ የለም፣ ግብሩንም ራሳችሁ ናችሁ የምትከፍሉት። ስለዚህ ሁለቱን ቅጥር ስታወዳድሩ ይህን ቀንሳችሁ አስሉ፤ እስከዚያ «በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» ብላችሁ ስልኩን ዝጉ።