«ፊደል ጨርሷል» ማለት ያነባል ማለት አይደለም

መስከረም በጠባ ቁጥር አንደኛ ክፍል በር ላይ የምሰማው ያው ነው። «መምህርት፣ ልጄ ፊደሉን ጨርሶ ነው የመጣው፤ ሌላ ነገር አስጀምሪልኝ።» እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

አምና አንድ ልጅ እንዲሁ «ጨርሶ» መጣ። ከሀ እስከ ፐ ሳይተነፍስ ይወርደዋል። ገበታው ላይ «ማ»ን ጠቆምኩት። ዝም አለ፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማ «ሀ ሁ ሂ…» እያለ ከላይ እየወረደ ነው። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ «ማ!» አለ። ያችኑ «ማ» ለብቻዋ ሰሌዳ ላይ ስጽፋት ግን ጠፋችው። ልጁ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አላወቀውም።

ጎንደር ላይ ይህን መስማት የበለጠ ያስቆጨኛል። በየደብሩ የኔታ ባለበት ከተማ አቡጊዳን እንዴት እንረሳለን? ሀሁ የቆጠረ ልጅ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ወደሚለው ይገባል። የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ መልኩን አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። እናንተም ቤት ውስጥ ፊደሎቹን በቁራጭ ካርቶን ጽፋችሁ በውዝዋቸው።

«231 ፊደል ለሕፃን ይከብዳል» የሚሉም አሉ። 33ቱን ግዕዞች፣ እንደ «ሀ» እና «ለ» ያሉትን የየመስመሩን መጀመሪያዎች፣ ካወቀ ሌላው አመል አለው። ካዕብ፣ ሁለተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት ያወጣል፤ ኃምስ፣ አምስተኛው፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉትን አፈንጋጮች ለብቻ አሳዩት።

ሀ፣ ሐ እና ኀን አምታታ ብላችሁ አትቆጡት። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ትልቁም ሰው ያምታታቸዋል።

በግራ እጁ ከጻፈም ተዉት።

«እኔ አልተማርኩም፤ በምን ላስጠናው?» የምትለኝ እናት ግን አንጀቴን ትበላዋለች። እማዬ፣ ተረት ንገሪው። እንቆቅልሽ ጠይቂው። «በግ» እና «በሬ» በምን ይጀምራሉ በይው። ድምፅ የለየ ጆሮ ፊደሉን ቶሎ ይይዛል። የተማራችሁ ደግሞ ከፒያሳ ስትወርዱ የሱቁን ጽሑፍ አስነብቡት፤ «ቤ»ን ፈልግ በሉት።

የዚያ የአምናው ልጅ እናት እንዲህ ስታደርግ ከረመች። ጥር ላይ እየሮጠ መጣና «መምህርት፣ ‹ዳቦ ቤት› ይላል!» አለኝ። ሀሁን ሳይቆጥር።