አክሽን ኮሜዲ ምንድን ነው? ውሸት መሆኑን እያወቅን ለምን ደስ ይለናል?

አክሽን ኮሜዲ ማለት ድብድቡና ሳቁ አንድ ላይ የሚሄዱበት ፊልም ነው፣ ግን በድብድብ መሀል ቀልድ ጣል ማድረግ ብቻ አይደለም፣ ድብድቡ ራሱ ነው ቀልዱ። አክተሩ ወንበር በለው መሰላል በለው መጥረጊያ ያገኘውን አንስቶ እየሸሸ ይማታል፣ ይፈራል፣ ሰው በቦክስ መትቶ የራሱን እጅ ያመውና ሲያራግፍ ታየዋለህ።

ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን በብዛት የምናየው ጃኪ ቻንን ነበር፣ ቋንቋው አይገባንም ግን ሁላችንም እኩል ነው የምንስቀው። አንድ ቀን አጎቴ ከገጠር ለገበያ መጥቶ ይዤው ገባሁ፣ የሚታየው የጃኪ «ፖሊስ ስቶሪ» ፊልም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው። መጨረሻው ላይ ጃኪ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከፎቅ ዘሎ አምፖል የተጠመጠመበት ረጅም ምሰሶ ይይዝና አምፖሉ እየፈነዳ መስታወት ሰብሮ መሬት ይደርሳል። አጎቴ ሳቀ፣ «ኧረ ይሄስ ውሸት ነው» አለ። ከዛ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ቀረጻ ላይ የተጎዱት ሰዎች ታዩ፣ አጎቴ ሳቁን ዋጠና «አንተ! እውነት ነው እንዴ የወደቀው?» አለኝ።

ለእኔ ጣዕሙ እዚች ላይ ነው ያለው፣ ታሪኩ ውሸት ነው አወዳደቁ ግን እውነት ነው። ጃኪ በዛ ምሰሶ እጁ ተቃጥሏል። ይሄ ነገር ደግሞ በሱ አልተጀመረም፣ በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን እ.ኤ.አ. በ1928 ባስተር ኪተን የሚባል አሜሪካዊ ኮሜዲያን የቤት ግድግዳ ሙሉውን ሲወድቅበት በመስኮቱ ቀዳዳ ልክ ቆሞ ተርፏል፣ ግድግዳው የምር ነበር፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢል አለቀለት።

ታሪኩ የማይመስል መሆኑ እኛን ጎጃሞችን አይከብደንም፣ ፎካሪ ይህን ያህል ጣልኩ ሲል ቁጭ ብሎ የሚቆጥርበት የለም፣ ድምፁና ወኔው ነው የሚታየው። አሁን አሁን ግን ሁሉንም በኮምፒውተር ሲሰሩት ሰውየው ከሰማይ ቢወድቅም አልደነግጥም፣ አልስቅምም፣ የሚያመው ሰው የለማ።

አጎቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ገና አህያውን ሳያራግፍ የጠየቀኝ «የዛ ልጅ እጁ ዳነለት?» ብሎ ነው።